የካንሳስዋ ኒቆዲሞስ፤ ስለ አንዲት ትንሽ የገጠር ከተማ ማነስና ስለ ወደፊት ዕድሏ

በአሜሪካ የተባበሩት መንግሥታት መካከለኛው ምዕራብ በሚባለው ሰፊ የእርሻ አገር የሚገኙት ትናንሽ ከተሞች ሕዝባቸው እየጎደለ መሄዱ ከአንድ ምዕተ ዓመት ወዲህ ሲታይ የኖረ ነገር ነው። ስለዚሁ ጉዳይ የተጻፈው ብዙ ቢሆንም፣ አብዛኛው ነገሩን በጥቅል ቍጥር ስለሚያየው፣ አንድ ከተማ ሲያንስ በውስጡ የሚቀረው ምን እንደ ሆነ አያስረዳም። ለዚህ ጥያቄ አንዲት ከተማ ነጥሎ መመርመር ይሻላል። በካንሳስ ግዛት ሰሜናዊ ምዕራብ፣ በግሬሃም አውራጃ፣ በሰሎሞን ወንዝ ደቡባዊ ገባር አጠገብ የምትገኘው ኒቆዲሞስ በ2020 በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ ነዋሪዎቿ 14 ብቻ ሆነው ተገኝተዋል (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። ይሁን እንጂ በየዓመቱ በጁላይ ወር መጨረሻ፣ ራሳቸውን የኒቆዲሞስ ሰዎች ብለው የሚጠሩ በመቶ የሚቈጠሩ እንግዶች ከሩቅም ከቅርብም ይሰበሰቡባታል። በቈጠራው ሰነድ የተመለከተው ሕዝብና በበዓሉ ቀን የሚታየው ሕዝብ ይህን ያህል መራራቃቸው፣ ስለ ከተማይቱ መክሰም የሚነገረውን ሁሉ ደግሞ ለማሰብ ያስገድዳል።

የከተማይቱ አመሠራረት ከባርነት መፍረስ ጋር የተያያዘ ነው። የእርስ በርስ ጦርነት በ1865 አልቆ ባሮች ነጻ ከወጡ በኋላ፣ በደቡብ ግዛቶች የነበረው የፌዴራል መንግሥት ጥበቃ ለጥቂት ዓመታት ብቻ ቆይቶ በ1877 ተነሣ። ነጻ የወጣው ሕዝብ አብዛኛው መሬት ስላልነበረው በቀድሞ ጌቶቹ እርሻ ላይ የመከራ ኑሮ ይገፋ ነበር። በዚያው ዓመት በኤፕሪል ወር ሂል የሚባል አንድ ነጭ የመሬት ነጋዴና ስሚዝ የሚባል አንድ ጥቁር ቄስ ከሌሎች ጥቁሮች ጋር ሆነው የኒቆዲሞስ ከተማ ኩባንያን አቋቋሙ። በኬንታኪ ግዛት በሚገኙት ጥቁሮች መካከልም ማስታወቂያ እየበተኑ ሰው ይጠሩ ጀመር። የታሪክ ጸሓፊው ኬኔት ሃሚልተን በ1991 ባወጣው መጽሐፉ እንዳመለከተው፣ የዚያን ጊዜ ጥቁር ከተሞች የነጻነት ምኞት ብቻ ሳይሆኑ የቦታ ንግድም ውጤቶች ነበሩ። ይህ አባባል የሰፋሪዎቹን ተስፋ የሚያሳንስ መስሎ የሚታያቸው ሰዎች አሉ። ነገር ግን ሁለቱ ነገሮች አይጣሉም፤ ሻጩ ትርፍ ሲፈልግ ገዢው አገር ይፈልግ ነበር።

በሴፕቴምበር 1877 ከኬንታኪ የተነሡ ሦስት መቶ ያህል ሰዎች በባቡር መጥተው፣ የቀረውን መንገድ በእግርና በጋሪ ተጓዙ። ከዚያ በፊት የፖኒ፣ የካንሳና የሌሎችም ነገዶች የአደን ምድር በነበረው ሜዳ ላይ ሲደርሱ በማስታወቂያው የተባለው ከተማ አልነበረም። ቤት ለመሥራት የሚበቃ እንጨት ስላልተገኘም፣ ቀደም ብለው እንደ ደረሱት ጥቂት ሰዎች፣ በወንዙ ዳርና በኰረብታው ጥግ ጐድጓዳ ቤት እየቈፈሩ፣ በላዩም ከነሣር ሥሩ የተቈረጠ የአፈር ጓል እየደረቡ ገቡበት። በ1878 ጸደይ ከባሏና ከልጆቿ ጋር የመጣችው ዊሊያና ሂክማን በእርጅናዋ ጊዜ የሰጠችው ቃል ለዚህ ዋነኛ ምስክር ነው። ኤሊስ ከተባለው የባቡር ጣቢያ ተነሥተው በሜዳው ሁለት ቀን ከተጓዙ በኋላ፣ ወንዶቹ ኒቆዲሞስ ታየች ብለው ሲጮኹ እርሷ ምንም ከተማ አላየችም፤ ባሏ ወደ መሬት እያመለከተ ከምድር ውስጥ የሚወጣውን ጢስ አሳያት። ሰዎቹ በጕድጓድ ውስጥ እንደሚኖሩ በገባት ጊዜ አለቀሰች። በመጀመሪያው ክረምት፣ ከአደን ይመለሱ የነበሩ የኦሴጅ ነገድ ሰዎች ሥጋ አካፍለዋቸው ከረኀብ እንደ ተረፉ የከተማይቱ ተወላጆች እስከ ዛሬ ያወሳሉ። ከመጡት ውስጥ ወዲያው ተስፋ ቈርጠው የተመለሱ ነበሩ።

ስለ ስሟ ሁለት አነጋገር አለ። አንደኛው፣ ስሙ በዮሐንስ ወንጌል በሌሊት ወደ ክርስቶስ ከመጣው መምህር የተወሰደ ነው ይላል። ሁለተኛው ደግሞ፣ ከአፍሪካ ተይዞ ከመጣ በኋላ የራሱን ነጻነት በገንዘቡ ገዛ በሚባል አንድ ባለ ታሪክ ስም ተሰየመች ይላል፤ ይህ ኒቆዲሞስ ሄንሪ ክሌይ ወርክ በ1864 ባወጣው ዘፈን ምክንያት በዚያ ዘመን በሕዝብ ዘንድ የታወቀ ነበር። የሰፈራው ማስታወቂያ በዚሁ ዘፈን መጠቀሙ ሁለተኛውን አነጋገር ያጠናክራል። ሰፋሪዎቹ ግን መጽሐፍ ቅዱስን ጠንቅቀው የሚያውቁ ስለ ነበሩ፣ አንዱን ስም ሲሰሙ ሌላውን አያስቡም ማለት ያስቸግራል።

የ1862 የሰፈራ ሕግ አምስት ዓመት በቦታው ኖሮ ላረሰ ሰው 160 ኤክር መሬት ይሰጥ ነበር። ይህም በእኛ መለኪያ ከአንድ ጋሻ ተኵል በላይ ነው። በሚቀጥሉት ዓመታት ሰብሉ እየያዘ በመሄዱ ከተማይቱ አደገች። ዛካሪ ፍሌቸር የመጀመሪያው የፖስታ ቤት ሹም ሆኖ ሆቴልም ሠራ፤ ሚስቱ ጄኒ ፍሌቸር የመጀመሪያዪቱ መምህርት ነበረች። በ1878 የመጣው ኤድዋርድ ማካብ አውራጃው በ1880 ሲቋቋም የአውራጃው ጸሓፊ ሆነ፤ በ1882 ደግሞ የካንሳስ ግዛት ኦዲተር ሆኖ ተመረጠ፤ በግዛቱ አስተዳደር እንዲህ ያለ ሥልጣን የያዘ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው እርሱ ነበር። ከጐድጓዳ ቤት ሰፈር ተነሥቶ በአራት ዓመት ውስጥ እስከ ግዛቱ መንግሥት መድረስ ቀላል ነገር አልነበረም። ማካብ ግን ኋላ ወደ ኦክላሆማ ሄዶ በ1890 ላንግስተን ለምትባለው ሌላ ጥቁር ከተማ መመሥረት ዋነኛ ሰው ሆነ። የከተማይቱ ብርቱ ሰዎች ወደ ሌላ ስፍራ መሄድ ከዚያን ጊዜ የጀመረ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

በ1880ዎቹ አጋማሽ ኒቆዲሞስ ሱቆች፣ አብያተ ክርስቲያናት፣ ትምህርት ቤትና ሁለት ጋዜጦች ነበሯት። የጐደላት የባቡር ሐዲድ ብቻ ነበር። በዚያ አገር ስንዴ የሚሸጠው በባቡር ተጭኖ ስለ ሆነ፣ ጣቢያ የሌለው ከተማ ገበሬው እህሉን ወደ ሌላ ቦታ እንዲያጓጕዝ ያስገድደዋል፤ ገበሬው እህሉን በሸጠበት ቦታ ደግሞ ጨውና ጨርቁን ይገዛል። ኩባንያዎቹ ይህን ዐውቀው ከተሞቹን እርስ በርስ ያጫርቷቸው ነበር። በ1887 የኒቆዲሞስ ሕዝብ ሚዙሪ ፓሲፊክ የተባለው ኩባንያ ሐዲዱን በከተማይቱ በኩል እንዲያሳልፍ 16,000 ዶላር በቦንድ ሊሰጥ በድምፅ ወሰነ። አብዛኛው ነዋሪ ከዐሥር ዓመት በፊት በጕድጓድ ውስጥ የነበረ መሆኑ ሲታሰብ የመሥዋዕቱ ልክ ይታወቃል። ኩባንያው አልመጣም። በ1888 ሌላው ኩባንያ፣ ዩኒየን ፓሲፊክ፣ ሐዲዱን ከወንዙ ማዶ ዘረጋ፤ በዚያም ቦግ የተባለች አዲስ ከተማ ተቈረቈረች። ጋዜጦቹ በዚያን ጊዜ ዐካባቢ ታተሙና ቀሩ፤ ነጋዴዎቹም ዕቃቸውን ጭነው ወንዙን ተሻገሩ።

ኒቆዲሞስን ያደከማት ይህ ነው የሚለው አስተያየት በሰፊው የተለመደ ነው። ዘሮቻቸውም ነገሩን ሲያወሱ የሚጀምሩት ከዚሁ ነው። ነገር ግን ምክንያቱ ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሐዲድ ያገኙት ጎረቤቶቿ ማደግ በተገባቸው ነበር። ዛሬ የቦግ ነዋሪዎች ሁለት መቶ እንኳ አይሞሉም። የግሬሃም አውራጃ ሕዝብ በ1910 ከ8 ሺህ በላይ ነበር፤ በ2020 የተቈጠረው 2,415 ብቻ ነው። ይህ ሁሉ የነጮች ከተሞችንም ይጨምራል። ስለዚህ የሐዲዱ መቅረት ኒቆዲሞስን ከሌሎች አስቀድሞ መታት እንጂ፣ ሌሎቹ ያመለጡትን ዕጣ በእርሷ ላይ ያመጣ አይደለም።

እውነተኛው ምክንያት በመሬቱና በሕጉ አለመመጣጠን ላይ ይገኛል። ከተማይቱ ያለችው ከመቶኛው የኬንትሮስ መስመር ጥቂት ወደ ምሥራቅ ነው፤ ከዚያ ወደ ምዕራብ በዝናብ ብቻ ማረስ አስጊ ነው ተብሎ የሚታሰብበት ድንበር መሆኑ ነው። የዓመቱ ዝናብ በአማካይ ከ500 እስከ 600 ሚሊ ሜትር ቢደርስም አመጣጡ አይታመንም። ጆን ዌስሊ ፓወል በ1878 ለመንግሥት ባቀረበው ዘገባ፣ በደረቁ የምዕራብ አገር በከብት ርቢ የሚኖር አንድ ቤተ ሰብ 2,560 ኤክር ያስፈልገዋል ብሎ ነበር፤ ይህም ሕጉ ከሚሰጠው ዐሥራ ስድስት እጅ ይበልጣል። ኒቆዲሞስ ከዚያ ደረቅ አገር ደጃፍ ላይ ያለች እንጂ በውስጡ ያለች ባትሆንም፣ ዝናብ በጠፋበት ዓመት ልዩነቱ ብዙም አይደለም። ሕጉ ለምሥራቁ ለምለም አገር በሚስማማ መጠን መሬቱን ሸንሽኖ ሕዝቡን ሲያሰፍር፣ መሬቱ በበኩሉ ትርፉን ሰው እየቈየ መለሰው።

ከዚህ በኋላ የመጣው መኪና ነው። ትራክተርና ኮምባይነር ከገቡ ወዲህ፣ ቀድሞ ብዙ ቤተ ሰብ ያርሱት የነበረውን መሬት አንድ ሰው ከልጁ ጋር ሆኖ ያርሰዋል። የእርሻው ምርት አልቀነሰም፤ እንዲያውም ጨመረ። የቀነሰው በእርሻው ዙሪያ የሚኖረው ሰው ነው። ልጆች ሲጎድሉ ትምህርት ቤቱ ከሌላው ጋር ይዋሐዳል፤ ትምህርት ቤት ሲሄድ ወጣት ቤተ ሰብ አይመጣም፤ ሱቁም ይዘጋል። በመካከለኛው ምዕራብ የእርሻው መበልጸግና የከተማው መክሰም አብረው የሚሄዱ መሆናቸው ለውጭ ተመልካች እንግዳ ይመስላል። ነገር ግን ሁለቱም የአንድ ሥራ ውጤቶች ናቸው።

በኒቆዲሞስ ላይ ደግሞ ሌላው ከተማ ያልደረሰበት ተጨማሪ ሸክም ነበረ። በ1920 በመላው አገር ከ900 ሺህ በላይ ጥቁር ገበሬዎች ሲቈጠሩ፣ ዛሬ 50 ሺህ እንኳ አይሞሉም። መሬት ለማስፋትና መኪና ለመግዛት ብድር ያስፈልጋል፤ የመንግሥቱ የእርሻ መሥሪያ ቤት ብድር ሲሰጥ ጥቁሮችን ማግለሉ በ1997 ተከሶ፣ በ1999 በፍርድ ቤት በጸደቀ ስምምነት ካሣ ለመክፈል ተገድዷል። በመሥሪያ ቤቱ ላይ አቤት ካሉት ውስጥ የኒቆዲሞስ ዐካባቢ ገበሬዎችም ነበሩ። ካሣው መሬታቸውን ላጡት መሬታቸውን አልመለሰላቸውም።

በ1930ዎቹ ድርቅና የአቧራ ማዕበል ከእህል ዋጋ መውደቅ ጋር ተደርቦ በመጣ ጊዜ የከተማይቱ ሕዝብ በ1935 ወደ 76 ወረደ። በ1950 የነበሩት 16 ናቸው፤ ፖስታ ቤቱም በ1953 ተዘጋ። በዚያ አገር ፖስታ ቤት መዘጋቱ ስም ከካርታ ላይ እንደ መፋቅ የሚቈጠር ነገር ነው። የሄዱትም በብዛት ወደ ከተሞች፣ ወደ ቶፒካ፣ ወደ ዴንቨርና ከዚያም አልፈው እስከ ካሊፎርኒያ ድረስ ሄዱ። እዚህ ላይ አንድ ነገር መታየት አለበት። ከ1950 እስከ 2020 ባሉት ሰባ ዓመታት ኒቆዲሞስ መጥፋት የሚገባት ከተማ ስትሆን አልጠፋችም። ለምን? መልሱ ያለው በበዓሉ ላይ ነው።

በዓሉ ሰፋሪዎቹ ከመጡ ብዙም ሳይቈይ የተጀመረ ሲሆን፣ በመጀመሪያ ስሙ የነጻነት ቀን ነበር። የሚከበረውም ኦገስት 1 ቀን ነው። ቀኑ የእንግሊዝ መንግሥት በ1834 በምዕራብ ኢንዲስ ደሴቶች ባርነትን ያስቀረበት እንጂ በአሜሪካ ነጻነት የታወጀበት አይደለም። የአሜሪካ ጥቁሮች የራሳቸው ነጻነት ገና ባልታወጀበት ዘመን የሌሎችን ነጻነት ያከብሩ ስለ ነበር፣ ቀኑ ከዚያ የተወረሰ ነው። በዛፎች ጥላ ሥር ንግግር ይደረግ፣ ሥጋ ይጠበስ፣ የቤዝቦል ግጥሚያም ይካሄድ ነበር፤ ከጎረቤት ከተሞች ነጮችም ይመጡ ነበር። ሕዝቡ እየተበተነ ሲሄድ ግን የበዓሉ ትርጕም ቀስ በቀስ ተለወጠ። ቀኑ ወደ ጁላይ መጨረሻ ቅዳሜና እሑድ ተዛወረ፤ ይህም ከተማ የሚሠራ ሰው ፈቃድ አግኝቶ እንዲደርስ ይረዳል። ስሙም «ወደ ቤት መመለሻ» የሚል ትርጕም ያለው ሆነ። ቀድሞ በቦታው የሚኖር ሕዝብ ነጻነቱን ያስብበት የነበረው ቀን፣ አሁን የተበተነ ሕዝብ ቦታውን የሚያስብበት ቀን ሆኗል። በሰልፉም፣ በማዕዱም፣ በጸሎቱም ዋናው ነገር የየቤተ ሰቡ ስም ነው፤ ልጆች ከመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ከማን እንደሚወለዱ ይነገራቸዋል።

በአማርኛ አንድ ሰው አዲስ አበባ ተወልዶ አድጎም ቢሆን «አገርህ የት ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ የአባቱን አገር ይናገራል። በአሜሪካ እንዲህ ያለው አነጋገር እምብዛም አይገኝም፤ ሰው አገሩ የሚባለው ያደገበት ቦታ ነው። የኒቆዲሞስ ተወላጆች ግን በዴንቨር ተወልደውም ኒቆዲሞስን አገራችን ይላሉ። ከባርነት በፊት ያለውን የአባቶቻቸውን አገር ስም እንዲያውቁ አልተተወላቸውም፤ ስለዚህ የትውልድ ቈጠራቸው ሊቆምበት የሚችል መሬት ይህችው ኰረብታ ብቻ ናት። ይህ ምክንያት ከቦግ የሄዱት ነጭ ገበሬዎች ልጆች ዘንድ የለም። ሐዲድ ያገኘችው ከተማ እንዲህ ያለ በዓል ሳይኖራት፣ ሐዲድ ያጣችው ግን እስከ ዛሬ ድረስ አላት።

የመንግሥት እርዳታም የመጣው ይህን ተከትሎ ነው። ተወላጆቹ የታሪክ ማኅበር አቋቁመው ብዙ ከደከሙ በኋላ፣ በ1976 ብሔራዊ የታሪክ ምልክት ተብላ የተመዘገበችው ከተማ በ1996 በሕግ ብሔራዊ ታሪካዊ ቦታ ሆነች፤ በብሔራዊ ፓርኮች መሥሪያ ቤት ሥርም ገባች። የሚጠበቁት አምስት ሕንጻዎች ናቸው፤ ሁለት አብያተ ክርስቲያናት፣ የፍሌቸር ሆቴል፣ የ1918 ትምህርት ቤትና በ1939 ለሥራ አጦች ሥራ በሚሰጠው የመንግሥት ድርጅት በኖራ ድንጋይ የተሠራው የሕዝብ አዳራሽ። ይህ በጎ ነገር ቢሆንም ከልክ በላይ ተስፋ ሊጣልበት አይገባም። ጐብኚ ሕንጻ አይቶ በሰዓታት ውስጥ ይሄዳል፤ ከዋናው የፈጣን መኪና ጐዳናም ቦታው ይርቃል። ጣራ ማደስ ይቻላል፤ ጣራው ሥር የሚያድር ሰው ግን በበጀት አይገኝም።

ፍራንክና ዴቦራ ፖፐር የተባሉ ሁለት ምሁራን በ1987 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ የታላቁ ሜዳ ደረቅ ክፍል ሕዝቡ እየለቀቀው ስለ ሆነ ሰፊው መሬት ወደ ጎሽ መሰማሪያነት ቢመለስ ይሻላል ብለው ነበር። የአገሩ ሰዎች በዚህ ሐሳብ እጅግ ተቈጡ። ምሁራኑ ስለ ሕዝቡ ማነስ የተናገሩት በብዙ አውራጃዎች ቢደርስም፣ ሜዳውን ባዶ አድርገው ማየታቸው ስሕተት ነው፤ ኒቆዲሞስን በመሰለ ቦታ ላይ ከሚኖረው ሰው ይልቅ የሚገባኝ የሚለው ይበዛል።

ከእርሻው በኩል የተደረገ አንድ ሙከራ ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች ልዩ ትኩረት የሚገባው ነው። የካንሳስ ጥቁር ገበሬዎች ማኅበር አባላት በ2000ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት በኒቆዲሞስ ዐካባቢ ጤፍ ለመዝራት ሞክረው ነበር። ጤፍ በአይዳሆ ግዛት ከ1980ዎቹ ጀምሮ ለገበያ ይዘራ ስለ ነበር ነገሩ በአሜሪካ እንግዳ አይደለም። የገበሬዎቹ ሐሳብ ከስንዴ የተሻለ ዋጋ የሚያወጣ፣ ድርቅን የሚችል፣ ገበያውም በአሜሪካ ከተሞች ባሉት ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ዘንድ የተዘጋጀ እህል ማግኘት ነበር። ኢትዮጵያ በ2006 የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይወጣ መከልከሏም ይህን ገበያ ይበልጥ የሚያሰፋ ነበር። ይሁን እንጂ ጤፍ ፍሬው ደቃቅ በመሆኑ ለስንዴ በተሠራ መዝሪያ መጥኖ መዝራት አስቸጋሪ ነው፤ ሲደርስ ይጋሸባል፤ በኮምባይነርም ሲታጨድ ብዙው ይረግፋል። ከዚህም ሁሉ በላይ፣ አትራፊ እህል ቢገኝ እንኳ በትልልቅ መኪና የሚታረስ መሬት ብዙ ሰው አያስቀምጥም። ሙከራው የጥቂት ገበሬዎችን ገቢ ሊያሻሽል ይችል ነበር፤ ለከተማይቱ ሕዝብ ማምጣት ግን ከመነሻው የማይችለው ነገር ነበር።

እንግዲህ የኒቆዲሞስ የወደፊት ዕድል በነዋሪ ብዛት የሚለካ አይደለም። ሆኖም በዓሉ ብቻውን ይበቃል ማለትም አይደለም። አዳራሹን ከፍቶ የሚጠብቅ፣ ሣሩን የሚያጭድ፣ በክረምት ቧንቧው እንዳይፈነዳ የሚያይ ሰው በቦታው መኖር አለበት፤ እነዚያ 14 ሰዎች ለመቶዎቹ ቤት ጠባቂዎች ናቸው። በዙሪያው ያለው የእርሻ መሬት ጉዳይ ደግሞ ከሁሉም ይከብዳል። በኒቆዲሞስ የተወለደውና በ1954 ወደ ታላቁ የአሜሪካ እግር ኳስ ማኅበር የገባው ቬሪል ስዊትዘር በ2022 እስኪሞት ድረስ ከአባቶቹ መንደር ጋር የነበረውን ትስስር አላቋረጠም። እንደ እርሱ ያሉት ሰዎች ሲያልፉ መሬቱ በልዩ ልዩ ከተሞች ለሚኖሩ ወራሾች ይከፋፈላል፤ ለእያንዳንዱ ወራሽ የሚደርሰው ድርሻ ለማረስ ያንሳል፤ ለትልቅ ጎረቤት ገበሬ መሸጥም ይቀላል። በመካከለኛው ምዕራብ በሌሎች አውራጃዎች እንዲህ ያለው ሽያጭ የተለመደ በመሆኑ ማንም አይከለክለውም። ከተማይቱ በ2027 አንድ መቶ ኀምሳ ዓመት ይሞላታል፤ ለዚያ በዓል ከሚሰበሰቡት ውስጥ ስንቶቹ በዐካባቢው መሬት ያላቸው ሆነው እንደሚመጡ፣ ከሰልፉ ርዝመት ይልቅ ለአጥኚ የሚጠቅመው ቈጠራ ይህ ነው።